የቅዱሳን ስምና የገበያ ምልክት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው መንገድ ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለዕረፍት ያልተጓዘ ሰው በመካከላችሁ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፋችሁ አዳማ ስትደርሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች አስተውላችሁ እንደ ሆነ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ይኸውም የነጋዴው ሰሌዳ ከጸሎት መጽሐፍ የተቀዳ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው። በአንዱ ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ተሥሏል፤ በሌላው ላይ ጨረቃና ኮከብ። በመጠጥ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል። ከተማዋ ራሷ ጌታ ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ትባል ነበር፤ ዛሬም በብዙ ሰው አፍ እንዲያው ትባላለች።

ይህ ሁሉ ስምና ሥዕል የማን ነው? ጥያቄው የሃይማኖት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ማኅደር ተከፍቶለት፤ ቁጥር ተሰጥቶት፤ ከመዝገብ ቤት ወደ መርማሪ፤ ከመርማሪም ወደ ኃላፊ የሚመራ የቢሮ ጉዳይም ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ማለት አንድ ቃል ወይም አንድ ሥዕል ለአንድ ባለቤት ተለይቶ እንዲሰጥና ሌላው ነጋዴ በዚያው ዓይነት ዕቃ ላይ እንዳያውለው የሚያደርግ ሕግ ነው። የቅዱስ ስም ደግሞ በባሕርዩ የሁሉም ነው፤ የወደደ ሁሉ ይጠራዋል እንጂ «የእኔ ብቻ ነው» የሚል ቢነሣ ሰው ይስቅበታል። እንግዲህ የሚያጥር ሕግና አጥር የማይቀበል ስም በአንድ ማመልከቻ ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ከከተሞቹ ስም እንነሣ። አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በመንገዱ ጣቢያ ሆነው ካደጉት ከተሞች አንዷ እርሷ ነበረች። ስሟ የኦሮምኛ ነው፤ የቁልቋል መጠሪያ ከሆነው ቃል እንደ መጣም ይነገራል። ከፋሽስት ወረራ በኋላ ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋን ናዝሬት አሏት፤ ቢሾፍቱም ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ደብረ ዘይት ተባለች። ደብረ ዘይት ጌታ ስለ ዓለም ፍጻሜ ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረበት ተራራ ስም ሲሆን፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን አምስተኛ እሑድ በዚሁ ስም ታከብረዋለች።

የቅድስት አገርን ስም አምጥቶ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ማኖር አዲስ ነገር አልነበረም። በላሊበላ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፤ ጎልጎታ የሚባል ቤተ መቅደስ ያለው ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ነው። ሆኖም አንድ ልዩነት ሳይታይ ሊታለፍ አይገባም። ቤተ ጎልጎታ አዲስ ለተፈለፈለ ቤተ መቅደስ የወጣ ስም ነው። ናዝሬትና ደብረ ዘይት ግን ቀድሞ ስም በነበራቸው፤ በዚያም ስም የሚጠራቸው ሕዝብ በሚኖርባቸው ቦታዎች ላይ የተደረቡ ስሞች ናቸው። ስለዚህ አንዱ የአምልኮ ምልክት አድርጎ የተቀበለውን ስም ሌላው የቀድሞ ስሙ መሸፈኛ አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደ ከተማዋ በተዛወረበት ጊዜ አዳማ የሚለው ስም በሕጋዊ መንገድ ተመልሷል፤ ቢሾፍቱም የቀድሞ ስሟን አግኝታለች።

ሰሌዳውን አስቀድሞ የሰቀለው ነጋዴ ታዲያ ምን ይሁን? በከተማዋ ስም ሱቁን የሰየመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖቱን መግለጹ አልነበረም፤ አድራሻውን መናገሩ ነበር። የሕግ ሰዎች የቦታ ስም የሚሉት ይህን ነው። የቦታ ስም በዚያ ቦታ ለሚነግድ ሁሉ የጋራ በመሆኑ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ወስዶ ሌላውን «አንተ የናዝሬት ዳቦ አትበል» ሊለው አይገባውም። ስሙ ከመንግሥት ሰነድ ሲወጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በወረቀት ላይ ናዝሬት የገሊላ ከተማ ስም ብቻ ሆነ፤ በአዲስ አበባም በዚሁ ስም የሚጠራ የካቶሊካውያን የሴቶች ትምህርት ቤት አለ። በጆሮ ግን አሁንም የአዳማ ስም ነው። ዛሬ አንድ የጎንደር ዱቄት ፋብሪካ ናዝሬት የሚል ምልክት ልያዝ ቢል፤ ገዢው ዱቄቱ ከአዳማ የመጣ እንዳይመስለው መርማሪው መጠንቀቅ ያለበት ይመስለኛል። ሕዝብ የሚታለለው በጆሮው እንጂ በነጋሪት ጋዜጣ አይደለምና።

ስለ ሥጋ ቤቶቹ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምሩን እነርሱ ናቸው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ፤ ሙስሊሙም በሙስሊም እጅ የታረደውን ይበላል። አንዱ አራጅ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብሎ ይባርካል፤ ሌላው ቢስሚላህ ይላል። ሥጋው ከተሰቀለ በኋላ ግን የማንኛው እንደ ሆነ ዓይን አይለየውም። እንግዲህ በበሩ ላይ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃ ለጌጥ የተሣለ አይደለም፤ ገዢው ሕሊናውን ሳያጎድፍ እንዲገባ የሚነገረው ቃል ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ መስቀሉ የአቶ እገሌን ሥጋ ቤት ከጎረቤቱ ከአቶ እገሌ ሥጋ ቤት አይለየውም፤ ሁለቱም ያንኑ ሰቅለዋልና። ማዕድን ከማዕድ ይለያል እንጂ ነጋዴን ከነጋዴ አይለይም። የንግድ ምልክት ሥራ ግን ነጋዴን ከነጋዴ መለየት ነው። ስለዚህ ብቻውን የቆመ መስቀል ወይም ጨረቃ ለአንድ ሉካንዳ ተለይቶ የማይሰጠው ሃይማኖትን ለማክበር ሲባል ብቻ አይደለም፤ ለምልክትነት የሚያስፈልገው ጠባይ ስለሌለው ጭምር ነው። በሞጆ ካሉት ቄራዎች ወደ ዓረብ አገሮች በሚላከው ሥጋ ላይ የሚጻፈው ሐላል የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ማንም ላኪ የአስተራረዱን ሥርዓት እስከ ጠበቀ ድረስ ሊጽፈው ይገባዋል፤ አንዱ ላኪ ቃሉን ለብቻው ቢይዘው የሌሎቹ ገበያ በአንድ ቀን በተዘጋ ነበር።

አሁን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንምጣ። በስሙ የሚጠራው ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ሰማዕቱ በኢትዮጵያ ያለው ስፍራ ለእናንተ የሚነገር አይደለም፤ የዐድዋ ድል የሆነው በበዓሉ ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን፤ ታቦቱም ወደ ጦር ሜዳ መውረዱን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ይህን ያህል የተፈራና የተወደደ ስም በጠርሙስ ላይ ሲለጠፍ፤ አስተናጋጁም «አንድ ጊዮርጊስ!» እያለ ሲጣራ፤ ሕዝቡ እንደ ድፍረት ሳይቈጥረው እንዴት መቶ ዓመት አለፈ?

እኔ የማምነው መልሱ በማኅበራችን ልማድ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። የጽዋ ማኅበር ያላቸው ሰዎች በየወሩ በቅዱሱ ቀን ተሰብስበው፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ፤ ጠላውን በቅዱሱ ስም ይቀምሳሉ። ማኅበሩም በቅዱሱ ስም የጊዮርጊስ፤ የሚካኤል፤ የማርያም ይባላል። እንግዲህ በኢትዮጵያዊው ዘንድ የቅዱስ ስምና የገብስ መጠጥ ፋብሪካው ከመቋቋሙ አስቀድሞ የሚተዋወቁ ነበሩ። በሰበታ የተቋቋመው ቢራ ፋብሪካም ሜታ አቦ ተብሎ ሲሰየም፤ አቦ ሕዝቡ ጻድቁን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚጠራበት የፍቅር ስም ሆኖ ሳለ፤ ስሙ በቀላሉ ተለመደ። እርግጥ በማኅበሩ ጠላና በመጠጥ ቤቱ ቢራ መካከል ርቀት አለ፤ አንዱ በጸሎት ተጀምሮ በምርቃት ያልቃል፤ ሌላው በምን እንደሚያልቅ ቅዳሜ ማታ አይተናል። ዳሩ ግን ጆሮው ለምዶት ነበር፤ የለመደ ጆሮም አይደነግጥም።

ሕጉ ወደዚህ ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ንግድ ስምና ተገቢ ስላልሆነ ውድድር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ምልክትን እየመረመረ የሚመዘግብና ባለቤትነትን የሚሰጥ የተሟላ ሥርዓት አላቋቋመም። ስለዚህ ነጋዴዎች ምልክታቸውን በጋዜጣ እያሳተሙ «ይህ የእኛ ነው፤ የሚነካ ይጠንቀቅ» በማለት ያስጠነቅቁ ነበር። የቆየ ጋዜጣ የመገልበጥ ልማድ ያላችሁ እነዚያን ማስታወቂያዎች ታስታውሳላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፤ ዛሬ ባለሥልጣን የተባለው፤ ተቋቋመ። ከዚያም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰም ይቀጥላል።

አዋጁ አይመዘገቡም ከሚላቸው ምልክቶች መካከል ለነገራችን የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው። ነጋዴን ከነጋዴ መለየት የማይችል ምልክት አይመዘገብም፤ የዕቃውን መገኛ ወይም ጠባይ በሚመለከት ሕዝብን የሚያሳስት አይመዘገብም፤ የሕዝብን ሰላም ወይም ሥነ ምግባር የሚቃረንም አይመዘገብም። የመጀመሪያውን በሥጋ ቤቱ፤ ሁለተኛውን በናዝሬት ዱቄት አይተናል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ሥነ ምግባር የሚለካበት ሚዛን በመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት አይገኝም። መርማሪው የራሱን እምነት ይዞ ቢፈርድ አጥፍቷል፤ ያለ ምንም ሚዛን ቢፈርድም አጥፍቷል። የሌሎች አገሮች መርማሪዎች በዚህ እንዴት እንደ ተቸገሩ ብናይ ይጠቅመናል።

የእኛው ጊዮርጊስ ቢራ በጠርሙስ ላይ 16 ዓመት ከቆየ በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ማዶና የሚል ስም ለወይን ጠጅ ይመዝገብልን ያሉ አሜሪካውያን ፍርድ ቤት ቀርበው ተረቱ። ማዶና የእመቤታችን መጠሪያ ነው። ወይን በቅዳሴ የሚገባ መሆኑን ዳኞቹ አላጡትም፤ ነገር ግን ሰው ለስካር በሚጠጣው ነገር ላይ የድንግልን ስም መለጠፍ ሕዝቡን ያስከፋል ብለው ፈረዱ። እዚህ የታለፈው እዚያ ተከለከለ። እዚያ የጽዋ ማኅበር አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጠው የሚያስገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው በአሜሪካ የተወሰነው ነው። አንድ ኩባንያ ኮራን የሚል ስም ለወይን ጠጅ አቀረበ። የሙስሊሞችን ቅዱስ መጽሐፍ ይመስላል ተብሎ ሲከለከል፤ ቃሉ በአርመንኛ መሠዊያ ማለት ነው ሲል ተከራከረ፤ እውነቱን ነው። የንግድ ምልክት ጉባኤው ግን የአሜሪካ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው ቁርኣንን እንጂ የአርመንን መሠዊያ አይደለም፤ ወይንን በሚከለክል መጽሐፍ ስም ወይን መሸጥም ሙስሊሞችን ያዋርዳል ሲል ማመልከቻውን ጣለው። የዳኞቹ ጥያቄ «ቃሉ ምን ማለት ነው?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ማን ነው የሚሰማው?» የሚል ነበር። በዚያ አገር ሙስሊሞች ጥቂቶች መሆናቸውም የሚያስከፋውን የማያስከፋ አላደረገውም።

ይህ ሚዛን ግን በዚያው አገር አልቆየም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አዋራጅ ምልክትን የሚከለክለውን፤ በ2019 ደግሞ ነውረኛ ምልክትን የሚከለክለውን ድንጋጌ የመናገር ነፃነትን ይነካሉ ብሎ ሻራቸው። አንድ የኢጣልያ የልብስ ኩባንያም ከ1971 ጀምሮ በጌታ ስም ጂንስ ሱሪ ይሸጥ ነበር፤ ይህ ምልክት በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 በይግባኝ ወደቀ፤ በአሜሪካ ግን በ2007 ተመዘገበ። አንድ ሱሪ፤ አንድ ስም፤ ሁለት ፍርድ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንድ ፍርድ ይመስለኛል፤ ሕንድ እንደ እኛ ብዙ ሃይማኖት በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነውና። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ራማያን የሚለውን የቅዱስ መጽሐፍ ስም አንድ የዕጣን ነጋዴ ለብቻው ሊይዘው አይችልም አለ። ዕጣን የአምልኮ ዕቃ ስለሆነ በስሙ ማንም አልተሰደበም፤ ብዙ ነጋዴዎችም በዚያው ስም ሲሸጡ ኖረዋል። የዳኞቹ ሐሳብ ስሙ የሁሉ ስለሆነ ለአንዱ አይከለል የሚል ነበር፤ ነጋዴው ሌላ ቃል ቢጨምርበትና ልዩ ቢያደርገው ግን ሊመዘገብ ይችላል ብለዋል። መንገዱ ብልህ ነው። እንዲህ ያለው ነጋዴ ባለቤት የሚሆነው በጨመረው እንጂ በተበደረው ቃል ላይ አይሆንም። ጊዮርጊስ ቢራም እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካው ሌላ ቢራ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ሊከለክል ይችላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑን፤ ማኅበሩን፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተውን የእግር ኳስ ክለብ ወይም ልጁን ጊዮርጊስ ያለውን አባት ሊከለክል አይችልም። የታጠረው ስሙ ሳይሆን ቢራው ነው።

ይህን ስሙን የገዛው ድርጅት ራሱ የተረዳው ይመስላል። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ወገን ተላልፏል። ያው ኩባንያ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ፤ በዝዋይ፤ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ ወይን አልምቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠጁን ለገበያ አቀረበ። በሐይቁ ደሴት ላይ ጥንታዊቷ ደብረ ጽዮን አለች፤ ስም ፈላጊ ነጋዴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። እነርሱ ግን አንዱን ጠጅ ስምጥ ሸለቆ፤ ሌላውን አካሲያ፤ ማለት ግራር፤ አሉት። የለመደውን የቅዱስ ስም ከነልማዱ መግዛትና አዲስ የቅዱስ ስም ማውጣት ልዩ ልዩ ነገር ነው።

በዚያው መንገድ ወደ ፊት ብትቀጥሉ ሻሸመኔ ትደርሳላችሁ፤ በዚያም የነገሩ የመጨረሻ ቋጠሮ ይጠብቃችኋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል ለውጭ አገር ጥቁሮች በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ራስተፈሪያውያን ሰፈሩ። በቤቶቻቸው ግድግዳ ላይ ዘውድ ደፍቶ መስቀል የያዘው የይሁዳ አንበሳ ተሥሎ ይታያል። ያ አንበሳ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ ሆኖ እስከ ዘውዱ መጨረሻ ድረስ የመንግሥት ዓርማ ነበር፤ ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሰንደቅ ዓላማው አነሣው። በዓለም የታወቀው የፓሪስ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 በሄግ ከተሻሻለ ጀምሮ የመንግሥታት ዓርማ ያለ ፈቃድ የንግድ ምልክት እንዳይሆን ይከለክላል፤ የእኛም አዋጅ ይህንኑ ይላል። ታዲያ መንግሥት የተወውን ዓርማ ማን ይጠብቀዋል? ተራ አንበሳ እንኳ ሲሆን ግድ የለም፤ የከተማችን አውቶቡስም ጫማውም በስሙ ይጠራሉ። ዘውድና መስቀል ያለው አንበሳ ግን በአንድ ወቅት የንጉሥ ማኅተም የነበረ፤ ዛሬ ደግሞ ለአንድ ምእመን ወገን የጸሎት ምልክት የሆነ ሥዕል ነው፤ በየገበያው በቲሸርትና በባርኔጣ ላይም ይሸጣል።

ነገ አንድ ነጋዴ ይህን አንበሳ ለአረቄ ጠርሙስ ይመዝገብልኝ ብሎ ቢያመለክት፤ የመንግሥት ዓርማ ነው ብሎ መከልከል አይቻልም። የሚቀረው ሥነ ምግባርን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ጠጪ ሥዕሉን አይቶ የሚያስበው የቀድሞ ዘመንን ይሆናል፤ አይከፋም። በሻሸመኔ ያለው ራስተፈሪያዊ ግን የሚያመልክበትን ምልክት በአረቄ ላይ ያየዋል። በእኔ አስተያየት መርማሪው የሁለተኛውንም ጆሮ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ አዋጁ ሥነ ምግባር ሲል የብዙዎቹን ብቻ አላለምና።